ኮልብሩክዴል፤ ብረትን በድንጋይ ከሰል ያቀለጠች መንደር

በምዕራብ እንግሊዝ ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ፥ ሴቨርን የተባለው ወንዝ በጫካ የተሸፈነውን ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ጥልቅ ሸለቆ አጠገብ፥ ኮልብሩክዴል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መንገደኛ በቶሎ ቢያልፍባት ከጥቂት ቀይ የጡብ ቤቶች፥ ከአንዲት ጅረትና ከግድብ ውሃ በቀር የሚያየው ብዙ ነገር የለም። ከመንደሪቱ መካከል ግን በመስተዋት መጠለያ ሥር የተቀመጠ አንድ አሮጌ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ይገኛል። ግንቡ ግማሹ የፈራረሰ፥ ድንጋዩ በእሳት ብዛት የጠቆረና የከሰለ ነው። ስለ አውሮፓ የኢንዱስትሪ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ብዙ ከተማዎችና ስለ ብዙ ፋብሪካዎች ቢያወሱም፥ ከዚህ ምድጃ ፊት ሳይደርሱና ጥቂት ሳይቆሙ የሚያልፉ ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱም ብረት በእንጨት ከሰል መሆኑ ቀርቶ በድንጋይ ከሰል እየቀለጠ በገበያ ላይ መዋል የጀመረው እዚህ ስለ ሆነ ነው። ዘመኑም 1709 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።)

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት አስቀድሞ የምድጃውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። የብረት ማቅለጫ ምድጃ ማለት ቁመቱ የቤት ቁመት የሚያህል፥ ውስጡ እንደ ጋን ሆዱ የሰፋ፥ ከድንጋይ የተገነባ ግንብ ነው። ሠራተኞቹ ከላይ ባለው አፉ የብረት ማዕድን፥ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በየተራ ይጨምሩበታል። ከታች ደግሞ በውሃ ኃይል የሚዞር መንኰራኩር ትልልቅ ወናፎችን እያንቀሳቀሰ ነፋስ ይነፋበታል። ከሰሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንደኛ ይነድዳል፥ ሁለተኛም ብረቱን በማዕድኑ ውስጥ አስሮ ከያዘው ኦክስጅን ያላቅቀዋል። የኖራው ድንጋይ ቆሻሻውን እየሳበ አብሮ ይቀልጥና ከብረቱ በላይ ይንሳፈፋል። የቀለጠው ብረት ከምድጃው ግርጌ ተጠራቅሞ ሲሞላ፥ ቀዳዳው ይነደልና ብረቱ በአሸዋ ላይ በተቀደደ ቦይ ይፈስሳል። ከዋናው ቦይ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቦዮች ስለሚወጡ፥ መልኩ ተኝታ ግልገሎችዋን የምታጠባ እሪያ ይመስላል ሲሉ እንግሊዞች ይህን ብረት እስከ ዛሬ ድረስ የእሪያ ብረት ይሉታል።

ለዚህ ሥራ ሁሉ ቀድሞ የሚያገለግለው የእንጨት ከሰል ብቻ ነበር። አንዱን ምድጃ ዓመቱን በሙሉ ለመቀለብ እጅግ ሰፊ የሆነ ጫካ ያስፈልግ ነበርና ምድጃዎቹ በአንድ ስፍራ ሊሰበሰቡ አልቻሉም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዱር ይዘው ተራርቀው ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች ደናቸውን ጨርሰው ስለ ነበረ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚነገር ቃል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ባለ ምድጃዎቹ ዛፉን ከግንዱ በላይ እየቈረጡ እንደ ገና እንዲያቈጠቍጥ የሚያደርጉ አስተዋዮች ነበሩ። ችግሩ ዛፍ በአንድ ቀን የማያድግ መሆኑና የከሰሉ ዋጋ እየጨመረ መሄዱ ነበር። ስለዚህ አገሪቱ የሚያስፈልጋትን ብረት ብዙውን ከስዊድን፥ በኋላም ከሩስያ እየገዛች ታስመጣ ነበር። የድንጋይ ከሰል ግን በገዛ መሬትዋ ሥር ሞልቶ ተርፎ ተቀምጧል።

ታዲያ ለምን በእርሱ አላቀለጡም? የድንጋይ ከሰል በውስጡ ዲን አለበት። ዲኑ ወደ ብረቱ ሲገባ ብረቱን ያከፋዋል፤ በእሳት ጋሎ መዶሻ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ብዙ ሰዎች ሞክረው ከስረዋል። ከእነዚህም አንዱ ዱድ ዳድሊ የተባለው የመኰንን ልጅ ሲሆን በ1620ዎቹ ዓመታት በድንጋይ ከሰል ብረት አቅልጫለሁ ብሎ በ1665 ስለ ራሱ ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን ምሥጢሩን በመጽሐፉ ውስጥ አልገለጠውምና ሥራው ከእርሱ ጋር ቀረ።

አሁን ወደ አብርሃም ዳርቢ እንመለስ። ይህ ሰው በ1678 ዳድሊ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገበሬም ቍልፍ ሠሪም ነበር። ቤተ ሰቡ ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው የሚጠሩትና ሌላው ሰው ኩዌከር የሚላቸው ክርስቲያኖች ወገን ነው። ኩዌከሮች ቄስ የላቸውም፤ አይምሉም፤ የጦር መሣሪያም አያነሡም። የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለማይቀበሉ በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራ እንዳይሾሙና ከዩኒቨርሲቲዎቹ የትምህርት ማዕርግ እንዳያገኙ በሕግ ተከልክለው ነበር። በሩ ሁሉ የተዘጋበት ሰው አንዱን ክፍት በር አጥብቆ ይይዛልና ብዙዎቹ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ገቡ። እርስ በርሳቸው ይጋባሉ፥ ገንዘብ ይበዳደራሉ፥ የአንዱን ልጅ ሌላው ሙያ ያስተምራል።

አብርሃምም በልጅነቱ በርሚንግሃም ከተማ የብቅል መፍጫ ለሚሠራ አንድ ኩዌከር ሙያ ሊማር ተሰጠ። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቢታገሠኝ እወዳለሁ። ብቅልን ለማድረቅ የድንጋይ ከሰል ጢስ እንደማይሆን፥ ጠላ ጠማቂ ለሆኑት እናቶቻችን መንገር አያስፈልግም፤ ክፉ ጢስ የነካው ብቅል መጠጡን ሁሉ ያበላሻል። የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂዎች ይህን ችግር ያቃለሉት የድንጋዩን ከሰል እንደ እንጨት ከሰል ከምረውና ሸፍነው፥ አየር እየቀነሱ አስቀድመው በማክሰል ነበር። ዲኑና ጢሱ አስቀድሞ ይወጣና የሚቀረው ንጹሕና ቀላል ከሰል ነው፤ ይህንንም ኮክ ይሉታል። ስለዚህ ምድጃውን የፈታው ምሥጢር ወደ ብረት ሠሪዎች የመጣው ከቢራ ጠማቂዎች ቤት ሳይሆን አይቀርም። ዳርቢ ከብቅል መፍጫ ሠሪ ቤት ያደገ ሰው ነውና ኮክ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ አልቀረም ማለት የሚያስደፍር ይመስለኛል።

ሙያውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ብሪስቶል ወደብ ሄደ። በ1702 ከሌሎች ኩዌከሮች ጋር ሆኖ የናስ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ስለ ናስ ሥራም ለማየት ሆላንድ ድረስ ተሻገረ። ናስ ግን ውድ ነው፤ የድኻ ቤት ድስት ሊሆን አይችልም። የብረት ድስት በዚያን ጊዜ ይፈስስ የነበረው በጭቃ በተበጀ ቅርጽ ውስጥ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ድስት አዲስ ቅርጽ ማበጀትና ማድረቅ፥ ከዚያም ሰብሮ ማውጣት ግዴታ ነበር። ዳርቢ ቅርጹን በሣጥን ውስጥ በታጨቀ እርጥብ አሸዋ ለማድረግ አሰበ። እንዳሰበውም በቶሎ አልሆነለትም። የሠራተኞቹ ወገን የሆነው ጆን ቶማስ የተባለ የዌልስ ልጅ አብሮት እንደ ደከመና ነገሩ የተሳካው በዚህ ልጅ አስተያየት እንደ ሆነ የቶማስ ዘሮች በኋላ ዘመን ሲተርኩ ኖረዋል። በ1707፥ በንግሥት አን ዘመነ መንግሥት፥ ሆዳቸው የሰፋ የብረት ድስቶችን ያለ ጭቃ በአሸዋ ብቻ ለማፍሰስ የሚያስችለው የፈጠራ መብት ለዳርቢ ተፈቀደለት። የድስቱ ገላ ሳሳ፤ ክብደቱ ቀለለ፤ ዋጋውም ረከሰ።

እዚህ ላይ የብሪስቶል ባልንጀሮቹ ፈሩ፤ በብረት ሥራ ገንዘባቸውን ለማውጣት አልፈለጉም። እርሱም ድርሻውን ለይቶ በ1708 ኮልብሩክዴል ወረደና ፈርሶ ባዶውን የተቀመጠውን አሮጌ ምድጃ ተከራየ። ስፍራውን መምረጡ አስተዋይነቱን ያሳያል። ማዕድኑ፥ የድንጋዩ ከሰልና የኖራው ድንጋይ ከአንድ ሸለቆ ይገኛሉ፤ ወናፉን የሚያዞር ጅረት አለ፤ የተሠራውን ድስት እስከ ብሪስቶል ወደብ የሚያወርድ ጀልባ ከሴቨርን ወንዝ ዳር ይቆማል። ከሁሉም በላይ ግን የዚያ አገር የድንጋይ ከሰል ዲኑ ያነሰ ነበር። ይህ የተፈጥሮ ዕድል ባይገኝ ኖሮ የዳርቢም ሙከራ ከዳድሊ ሙከራ የተሻለ ፍጻሜ ባላገኘ ነበር ብዬ አስባለሁ። ለሌሎች አውራጃዎች ባለ ምድጃዎች ይኸው ነገር ለብዙ ዓመታት እንቢ ያላቸውም ከሰላቸው የዚህን ያህል ንጹሕ ስላልሆነ ነው።

ምድጃው በ1709 በጥር ወር ተለኰሰ። ይህን እንዴት እናውቃለን ለሚል አንባቢ መልሱ የሚገኘው በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የታተሙ አንዳንድ መጻሕፍት ሥራውን ከአባትየው ነጥቀው ለልጁ ለሁለተኛው አብርሃም ዳርቢ በመስጠት፥ ዘመኑን ወደ 1735 ያቀርቡት ነበር። ነገር ግን ከ1708 ጥቅምት ጀምሮ የተያዘ የፋብሪካው የገቢና የወጪ መዝገብ ተርፎ ቆይቷል። በዚያም ውስጥ የድንጋይ ከሰል ላከሰሉ ሠራተኞች የተከፈለው ሒሳብ ከምድጃው ሥራ መጀመር ጋር ጐን ለጐን ተጽፎ ይገኛል። ቲ. ኤስ. አሽተን የተባሉት የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊ በ1924 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አመዛዝነው 1709ን አጸኑ። እኔ ዕለት ዕለት ከመዝገብ ጋር የምውል ሰው እንደ መሆኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። የፈጠራው ባለቤት ስለ ፈጠራው አንዲት ቃል ጽፎ አልተወም፤ ዋጋ እየቈጠረ በቀለሙ የጻፈው ያልታወቀ ጸሐፊ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ምስክር ሆነለት።

ዳርቢ ሥራው በአገሩ ሲስፋፋ ለማየት አልታደለም። በ1717 ገና በጐልማሳነቱ ሞተ፤ ወራሹ አብርሃም ገና ሕፃን ነበር። ፋብሪካው በአማቹ በሪቻርድ ፎርድና በብሪስቶሉ ባለ ጠጋ በቶማስ ጎልድኒ እጅ ሆኖ ቀጠለ። እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ምንጭ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጐድለዋለሁ። ለዳርቢ ያበደረውና በዚያው ባለ ድርሻ የሆነው አባትየው ጎልድኒ፥ ዉድስ ሮጀርስ የተባለው ካፒቴን የስፔይንን መርከቦች እየዘረፈ ዓለምን ለዞረበት ከ1708 እስከ 1711 ለቆየው ጉዞ ዋና ገንዘብ ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበር። (የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ መነሻ ነው የሚባለውን አሌክሳንደር ሴልከርክን ከባዶ ደሴት ያወጡት እነዚሁ መርከቦች ናቸው፤ ያወጡትም ምድጃው በተለኰሰበት በዚያው በ1709 ነበር።) ብሪስቶል ራስዋም በዚያ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ ባሪያ እየጫነች ወደ አሜሪካ ደሴቶች የምትሸጥ ወደብ ነበረች፤ ለባሪያ ዋጋ ከምትልካቸው ዕቃዎች አንዱ የናስ ዕቃ ነበር። ጦርና መሐላ የሚጸየፉት ሰዎች ገንዘባቸውን ከዚህ ገበያ ለይተው ማውጣት አልቻሉም። በ1740ዎቹ ዓመታትም እንግሊዝ ከስፔይንና ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋች ጊዜ በኮልብሩክዴል መድፍ ይፈስስ ነበር። የዳርቢን ቤተ ሰብ የሚያመሰግኑ መጻሕፍት ይህን አንቀጽ በፍጥነት ያልፉታል።

በኮክ የቀለጠው ብረት ለረዥም ጊዜ ከኮልብሩክዴል ብዙም ያልራቀበት ሌላ ምክንያት አለ። በትልቅ ሙቀት ስለሚቀልጥ ሲሊኮን የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ይህም ብረቱን እንደ ውሃ ቀጭን አድርጎ ያፈስሰዋልና ለድስት እጅግ መልካም ነው። ለቀጥቃጭ ግን ክፉ ነው። ማረሻ፥ ምስማርና የፈረስ ጫማ የሚሠሩት ሰዎች የሚፈልጉት በመዶሻ የሚታዘዝ ብረት ነው፤ ገበያው ሁሉ ያለውም በእነርሱ ዘንድ ነበር። ስለዚህ ቀጥቃጮቹ ለ40 ዓመት ያህል የኮኩን ብረት ንቀው በእንጨት ከሰል የቀለጠውን ይገዙ ነበር። አዲስ ነገር ሲገኝ ዓለም ወዲያው ይቀበለዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ሁለተኛው አብርሃም ዳርቢ ካደገ በኋላ ይህን ችግር አሸነፈ። በ1755 ከመንደሪቱ ጥቂት ራቅ ብሎ በሆርስሄይ አዲስ ምድጃ አሠርቶ፥ ማዕድኑን እየመረጠ ለቀጥቃጭ የሚሆን ብረት በኮክ አወጣ። ሚስቱ አባያ ዳርቢ በኩዌከሮች ዘንድ ቃል የምታስተምር ብርቱ ሴት ነበረች፤ ባልዋ ከሞተ በኋላ አማትዋና ባልዋ የሠሩትን በደብዳቤ ጽፋ አስቀምጣለች። ስለ ሁለቱ ሰዎች ሥራ ከመዝገቡ ቀጥሎ ያለን ምስክር ይህ ደብዳቤ ነው። በደብዳቤዋ ባትጽፈው ኖሮ የቤቱ ታሪክ ይበልጥ በጨለመ ነበር።

የምድጃው ሌላ ጠላት በጋ ነበር። ጅረቱ ሲጐድል መንኰራኩሩ ይቆማል፤ መንኰራኩሩ ከቆመ ወናፉ ይቆማል፤ ምድጃውም ይቀዘቅዛል። ከ1720ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኮልብሩክዴል ቶማስ ኒውኮመን ለፈለሰፈው የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር ከብረት እያፈሰሰች ትሸጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሲሊንደሩ የሚሠራው በውድ ዋጋ ከናስ ነበር። በ1740ዎቹ ደግሞ ፋብሪካው ለራሱ አንድ ሞተር ተከለ። የዚህ ሞተር ሥራ መንኰራኩሩን አዙሮ ወደ ታች የወረደውን ውሃ ስቦ ወደ ላይኛው ግድብ መመለስ ነበር። ያው ውሃ ደጋግሞ ይሠራል ማለት ነው። ሞተሩ የድንጋይ ከሰል ይበላል፤ በድንጋይ ከሰል የቀለጠው ብረት ሞተር ይሆናል፤ ሞተሩ ከከሰል ጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ሌላ ከሰል ያስወጣል። የእንግሊዝን ኢንዱስትሪ ያስፋፋው ይህ እርስ በርሱ የሚቀላለብ ክበብ መሆኑን በዚህች ጠባብ ሸለቆ ውስጥ እንደ ምሳሌ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። በ1767 የፋብሪካው አስተዳዳሪ የሆነው ሪቻርድ ሬይኖልድስ በእንጨት ሐዲድ ፈንታ የብረት ሐዲድ አስፈሰሰ፤ ገና ባቡር ሳይኖር፥ ጋሪዎቹን በፈረስ ለማስጐተት ነው። ይህ ሰው ለሠራተኞቹ በጫካው ውስጥ የእሑድ መንሸራሸሪያ መንገድ ማስጠረጉም ይነገርለታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የመንደሪቱን ስም ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገው ግን ድልድዩ ነው። ሴቨርን በዚያ ስፍራ ዳርቻው ገደል፥ መሬቱም የሚንሸራተት ነው፤ ጀልባ ደግሞ ሸራውን ሳያወርድ እንዲያልፍ ወንዙ መካከል ምሰሶ ሊቆም አይገባም። ቶማስ ፋርኖልስ ፕሪቻርድ የተባለው የሽሩዝበሪ መሐንዲስ ድልድዩን በአንድ ቅስት ከብረት ለመሥራት አሰበና ንድፉን አወጣ። በ1776 ፓርላማው ፈቀደ። ፕሪቻርድ ግን ሥራው ሳይፈጸም በ1777 መጨረሻ ሞተ። ለብረት ባለው ፍቅር ምክንያት ብረት ያበደው የሚባለው፥ በኋላም በብረት ሣጥን የተቀበረው ጆን ዊልኪንሰንም ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ነበር፤ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ሸክሙ ሁሉ በሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ትከሻ ላይ ወደቀ። እርሱም በ1750 የተወለደ፥ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ጐልማሳ ነበር።

ድልድዩ በ1779 የበጋ ወራት ተተከለ። የቅስቱ ስፋት 30 ሜትር ከግማሽ ነው። በሥራው ላይ የዋለው ብረት ከ370 ቶን በላይ ሲሆን ቍጥራቸው 1,700 ያህል የሆኑ ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህም ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 21 ሜትር ርዝመትና ከአምስት ቶን የበለጠ ክብደት አላቸው። ከዚያ በፊት የዚህን ያህል የብረት ድልድይ የሠራ ሰው ስላልነበረ ክፍሎቹን እንዴት ማያያዝ እንደሚገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከአናጢ ሙያ ተበደሩ፤ ብረቱን እንደ እንጨት አንዱን በሌላው ቀዳዳ እየሰኩ፥ በእርግብ ጅራት ቅርጽ እያጋጠሙ፥ በሽብልቅ እያጠበቁ አቆሙት። ያ ሁሉ ከባድ ብረት ከወንዝ በላይ እንዴት እንደ ተሰቀለ ለሁለት መቶ ዓመት እንቈቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ1997 ግን ኤልያስ ማርቲን የተባለ የስዊድን ሠዓሊ ድልድዩ ሲሠራ ቆሞ የሣለው ትንሽ የቀለም ሥዕል በስቶክሆልም ተገኘ። በሥዕሉ ላይ ከወንዙ መካከል የቆመ የእንጨት መስቀያና ተንጠልጥሎ የሚታይ ብረት አለ። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ በግማሽ መጠን ሌላ ድልድይ ሠርተው መንገዱን ፈትነው አረጋገጡ።

ብረቱ ከሚገባው በላይ መብዛቱን ዛሬ ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል። ቶማስ ቴልፎርድ በ1796 ከዚያው ወንዝ ላይ፥ ጥቂት ከፍ ብሎ በቢልድዋስ የሠራው የብረት ድልድይ ቅስቱ ከዚህ የሰፋ ሆኖ ሳለ ግማሽ ያህል ብረት ብቻ ፈጀ። ነገር ግን ዳርቢ ልኩን የሚነግረው የሒሳብ ቀመር አልነበረውምና በጥንቃቄው ልንወቅሰው አይገባም። የጥንቃቄውንም ዋጋ ራሱ ከፍሏል፤ አስቀድሞ የተገመተው ወጪ 3,200 ፓውንድ ሲሆን በመጨረሻ ከ6,000 ፓውንድ አለፈ። ትርፉን የሸፈነው እርሱ ነበር። ዕዳው እስኪሞት ድረስ አልተወውም፤ በ1789 ሲሞትም ገና ጐልማሳ ነበር። በ1795 ሴቨርን በብርቱ ሞልቶ በወንዙ ላይ ያሉትን የድንጋይ ድልድዮች ብዙዎቹን ሲያፈርስና ሲጐዳ የብረቱ ድልድይ ግን ምንም ሳይሆን ቀረ። ዳርቢ ይህን ለማየት ስድስት ዓመት ጐድሎበታል።

ድልድዩ ለሕዝብ የተከፈተው ጥር 1 ቀን 1781 ነው። በኬላው ቤት ላይ የተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ እስከ ዛሬ ይነበባል። እግረኛ ግማሽ ፔኒ ይከፍላል፤ ወታደርም በሥራ ላይ ቢሆን ባይሆን፥ የንጉሡም ቤተ ሰብ ቢሆን እንኳ ሳይከፍል እንዳያልፍ ተጽፏል። ባለ ድርሻዎቹ ስንት እንደ ከፈሉበት ለሚያስብ ሰው ሰሌዳው አያስደንቅም። ኬላው እስከ 1950 ድረስ ሲከፈልበት ቆይቷል፤ ተሽከርካሪ ግን ከ1934 ጀምሮ በድልድዩ ላይ እንዳያልፍ ተከልክሏል። መሬቱ መንሸራተቱን ስላልተወ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ዳርቻዎች ደግፎ የሚይዝ ኮንክሪት በወንዙ ወለል ላይ ፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ የብረት ሥራ ከሸለቆው ወጥቶ አገሩን አለበሰው። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1788 ያቀለጡት የእሪያ ብረት 68 ሺህ ቶን ያህል ሲሆን በ1806 ወደ 250 ሺህ ቶን ደርሷል፤ ይህም ሁሉ ከጥቂት ምድጃዎች በቀር በኮክ የቀለጠ ነው። የኮልብሩክዴል ሸለቆ በሌሊት በእሳት ነበልባል የሚበራ፥ በቀን በጢስ የሚሸፈን ሆነ። ሠዓሊዎች ይህን ለማየት ከሩቅ ይመጡ ነበር። ፊሊፕ ጃክ ደ ሉተርቡር በ1801 የሣለው ‹‹ኮልብሩክዴል በሌሊት›› የሚባለው ሥዕል በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ በሥዕሉ ላይ ሰማዩን ያቀላው እሳት የሚነሣው በአቅራቢያው ከሚገኙት፥ ቤድላም ከሚባሉት ምድጃዎች ነው። የዚያ ሸለቆ ሰዎች በዚህ ሰማይ ሥር ይወልዱ፥ ይሠሩና ያረጁ ነበር፤ የእነርሱን ስም ግን እንደ ዳርቢ ስም የጻፈው የለም፤ የሚገኙትም በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያም ተራው የሌሎች ሆነ። ዌልስ፥ ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ከሽሮፕሽር የበለጠ ከሰልና ማዕድን ስለ ነበራቸው ሽሮፕሽርን ቀደሙት። አሮጌው ምድጃ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጠፋ። መንደሪቱ ግን ብረት ማፍሰስዋን አልተወችም፤ ለ1851 ታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን ያፈሰሰችው ጌጠኛ የብረት በር ዛሬ በለንደን ኬንሲንግተን ገነት ቆሞ ይታያል። ምድጃው ራሱ ከፋብሪካ ቆሻሻና ከአፈር በታች ተቀብሮ ተረስቶ ነበር። በ1959 የምድጃው 250ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ የፋብሪካው ባለቤቶች ቈፍረው አወጡትና አጠገቡ ትንሽ ሙዚየም ከፈቱ። ከላይ ባሉት የብረት ጋድሞች ላይ የሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ስምና 1777 ተቀርጾ ተገኘ፤ ይህም ምድጃውን የታደሰበት ዓመት ነው። ሸለቆው በ1986 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

ብረት የማፍሰሱ ሥራ ግን ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ርቆ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲካሄድ ነበር። የመጨረሻው ፋብሪካ የወጥ ቤት ምድጃ የሚሆን ብረት ያፈስስ ነበር። እርሱም በ2017 በኅዳር ወር ተዘጋ፤ ዳርቢ የመጀመሪያውን እሳት ከለኰሰ 308 ዓመት ሆኖት ነበር።